ሽማግሌዎቹን ያስቆመች ኳስ

የአሰላ ሰው ስለ ሩጫ ሲወራ ደረቱ ይነፋል። የሮጠው ሌላ፣ የሚነፋው ሌላ። የወጣቷ የናዝሬት አባት ጋሽ ካሣዬም ከነፊዎቹ ወገን ነበሩ። ከግብርና ቢሮ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሲሮጡ ይቅርና፣ ፈጠን ብለው ሲራመዱ ያየ የሰፈር ሰው የለም።

ያን ሰሞን ነው ፊዚዮቴራፒስቷ ሶፊ ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣችው። ደም ግፊት ያለበትን፣ ስኳር ያለበትን፣ ጉልበቱ የሚንቋቋበትን ሁሉ፣ ጋሽ ካሣዬንም ጨምራ፣ ሰብስባ ወጣት ማዕከሉ ውስጥ ወዳለው የሲሚንቶ ሜዳ ወሰደቻቸው። የቮሊቦሉን መረብ ዝቅ አደረገች፣ በኖራ መስመር አሰመረች፣ አናጢ ጠርታ ከኮምፖርሳቶ ራኬት አስቆረጠች። ከሻንጣዋም እንደ ወንፊት የተበሳሳች የፕላስቲክ ኳስ አወጣች። "ፒክልቦል ይባላል" አለቻቸው። ለጉልበታቸው ያዘዘችው ነገር ወር ሳይሞላው ሱስ ሆኖ አረፈ።

ናዝሬት ነገሩ ስላልገባት ራቢያን ጠየቀቻት። ራቢያ ቅመማ ቅመም ነጋዴ ናት። ድሮ ገበያ ደርቶ ሱቋን ለሶላት ብቻ የምትዘጋ ሴት፣ አሁን ለኳስም መዝጋት ጀምራለች።

"ምኑ ነው ግን እንዲህ የሚይዛችሁ?"

"ዋላሂ ናዝሬት፣ ሜዳው ትንሽ ነው፣ ብዙ አያስሮጥም። ቆመሽ ሰው ትሰድቢያለሽ፣ ላብ ያልብሻል፣ ከዚያ ሶፊ መጥታ 'ጎበዝ' ትልሻለች። ይሄን ሁሉ አንድ ላይ የት ታገኚዋለሽ?"

ናዝሬት ግን ሌላም ነገር ታይቷታል። አባቷ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስለ ስንዴ ዋግ ሪፖርት ሲጽፉ አንድም ቀን ያጨበጨበላቸው አልነበረም። እዚያ ሜዳ ላይ ግን ራሷ መጥታ ራኬታቸው ላይ ያረፈችን ኳስ እንኳ ሲመልሱ "በርቱ ጋሼ!" ተብሎ ይጮሃል። በዚህ ዕድሜ እንዲህ የተጮኸለት ሰው ቤቱ ምን ሊሠራ ይገባል?

ደግሞ ሕጉ ራሱ ለወንዶቹ የተሰፋ ይመስል ነበር። ከመረቡ አጠገብ ያለውን ቦታ ሶፊ "ማድቤት" ነው ያለችው፤ እዚያ ገብቶ ኳሷን ከአየር መምታት አይፈቀድም። የናዝሬት እናት እትዬ ተሻለች ይህን ሲሰሙ ወገባቸውን ይዘው ሳቁ።

"ማድቤት አትግቡ የሚል ጨዋታ? ካሣዬማ ይሄን ሠላሳ ዓመት ተለማምዶታል! ዋንጫውን አሁኑኑ ስጡት እንጂ ምን ያደክማችኋል!"

እስከዚህ ድረስ ናዝሬትም ስቃለች። ሳቋ የቆመው ነገሩ የራሷን ጉዳይ ሲነካ ነው።

ጮሌ ከተማ ጤና ጣቢያ የሚሠራው ነርስ ሌዊ ሊያገባት ሽማግሌ ልኮ ነበር። ጋሽ ካሣዬም እንደ ወጉ "ከዘመድ እንምከር" ብለው ጥምቀት ካለፈ በኋላ ላለው እሑድ ቀጠሩ። ይህም ባልከፋ። ነገር ግን ሌዊ ጾሙ ሲገባ ለትምህርት ጅማ ይሄዳል። ሰርጉ ከዚያ በፊት ካልሆነ ዓመታት ሊገፋ ነው። ስለዚህ በዚህ እሑድ "ሰጥተናል" መባል ነበረበት። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ደግሞ የሌዊ አጎት አቶ እንደሻው ናቸው፤ የጋሽ ካሣዬ የልብ ወዳጅ፣ ሜዳ ላይ ደግሞ ደመኛቸው።

በእሑዱ ዋዜማ፣ ቅዳሜ፣ ግጥሚያ ነበር። ከሰዓት በኋላ የጭላሎ ተራራ ነፋስ ተነሥቶ ኖራውን ሲበትነው መስመሩ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ የሚያውቅ ጠፋ። በዚህ መሃል አቶ እንደሻው የመጨረሻዋን ኳስ መቱ። ኳሷ አረፈች፣ ኖራው ቦነነ።

"አውት ናት!" አሉ ጋሽ ካሣዬ።

"ገብታለች!" አሉ አቶ እንደሻው።

ጋሽ ካሣዬ ራኬታቸውን እንደያዙ ቤት ገቡ፣ እራት ሳይበሉም ተኙ። እትዬ ተሻለች ባላቸው ልጃቸውን ሊድሩ መሆኑ ከብዷቸው ነው ብለው አዘኑላቸው።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ነጭ በነጭ ለብሰው መጡ። አቶ እንደሻው፣ ቄስ ወልደ ጊዮርጊስና ከዲክሲስ የመጡ አንድ አዛውንት ናቸው። ናዝሬት ጓዳ መጋረጃ ኋላ ቆማ ታዳምጣለች።

"ተቀመጡ እንጂ" አሉ እትዬ ተሻለች።

"ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም" አሉ አቶ እንደሻው፣ እንደ ወጉ። "ባለፈው በሰጣችሁን ቀጠሮ መሠረት ልጃችሁን ለልጃችን..."

ጋሽ ካሣዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይጣራ። የትናንቷ ኳስ አውት መሆኗን እርስዎ ያምናሉ ወይስ አያምኑም?"

ለዘመናት አንተ ያሉትን ሰው እርስዎ ማለታቸው ራሱ ደህና ምልክት አልነበረም።

"ካሣዬ፣ የመጣነው ለልጅ ነው።"

"እኔስ ስለ ልጄ አይደለም እንዴ የምናገረው! የወጣችን ኳስ ገብታለች ለሚል ቤተሰብ ልጄን ልስጥ? ነገ ባልና ሚስት ቢጣሉ እውነቱን ማን ሊነግረኝ ነው?"

"እኔ ነኝ ውሸታም? መስመሩ ላይ ቆሜ ነው ያየኋት!"

"ማድቤት ነበሩ እርስዎ!"

"የምን ማድቤት ነው?" አሉ የዲክሲሱ አዛውንት ግራ ተጋብተው። "ሴቶቹን ማለታችሁ ነው?"

 እትዬ ተሻለች በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ቄስ ወልደ ጊዮርጊስ አንዴ በቀኝ እግራቸው፣ አንዴ በግራቸው እየቆሙ ወንበሩን በናፍቆት ያዩታል። ወጉ አይፈቅድ ነገር።

"ልጆቼ" አሉ በመጨረሻ፣ "እግሬ ሊከዳኝ ነው። ኑ፣ ቦታውን ዓይተን፣ ታርቃችሁ እንመለስ።"

ተግተልትለው ወጡ። ጋሽ ካሣዬ ከበሩ ጀርባ ራኬታቸውን አንሥተው ከጋቢያቸው ሥር ሲሸጉጡ ናዝሬት አየች።

ለእንግዶቹ የተሠራው ወጥ ቀዘቀዘ። እትዬ ተሻለች አሞቁት፣ ደግሞ ቀዘቀዘ። ሌዊ ከጮሌ እየደወለ "እህስ?" ይላል። ናዝሬት የምትመልሰው ብታጣ ነጠላዋን በሹራቧ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ወጣት ማዕከሉ ሄደች።

ጩኸቱ ከአጥሩ ውጪ ይሰማ ነበር። ስትገባ የቄሱ ጃንጥላ የመረቡ ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሏል። ቄስ ወልደ ጊዮርጊስ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ራኬት ይዘው፣ ከራቢያ ጋር ቆመዋል። ያ ሊከዳቸው የነበረ እግር አሁን ይዘላል። በወዲያኛው በኩል ጋሽ ካሣዬና አቶ እንደሻው አንድ ላይ ናቸው! "በርታ እንደሻዬ!" እየተባባሉ ትከሻ ለትከሻ ይመታታሉ። የዲክሲሱ አዛውንት ጋቢያቸውን አውልቀው ተራቸውን ይጠብቃሉ።

"አባባ፣ የትናንቷ ኳስ ነገር አለቀ?"

"የቷ ኳስ?" አሉ ጋሽ ካሣዬ፣ ዓይናቸውን ከመረቡ ሳያነሡ።

ናዝሬት ደሟ ፈላ። "ሽማግሌዎቹስ ስለ እኔ የመጡ መስሎኝ?"

"ይቺን ዙር እንጨርስና እንመጣለን። አንዲት ነጥብ ናት የቀረችን!"

ቄሱ የመቷት ኳስ ስታ ተንከባልላ ናዝሬት እግር ሥር ቆመች። ጎንበስ ብላ አነሣቻትና የሹራቧ ኪስ ውስጥ ከተተቻት።

"አምጪያት እንጂ!" አሉ ጋሽ ካሣዬ።

"መልሴን ሳትሰጡኝ አልሰጥም።"

"እንዴ! ልጅ ራሷ መልስ ትጠይቃለች? ቤት ሄደን፣ በወጉ፣ ዘመድ ባለበት..."

"እንግዲያው ኳሷም ቤት ሄዳ በወጉ ትጠብቃችሁ።"

"ኧረ ለኪ፣ ተዉ ጋሽ ካሣዬ፣ ፀሐይዋ እየገባች እኮ ነው!" አለች ራቢያ።

ጋሽ ካሣዬ ሰማዩን አዩ። መረቡን አዩ። ከዚያ የልጃቸውን ፊት ሳይሆን የልጃቸውን ኪስ አዩ።

"ሰጥተናል!" አሉ።

"ለማን?"

"ለ... ለልጁ ነዋ!"

"ለሌዊ" አሉ አቶ እንደሻው በሹክሹክታ።

"ለሌዊ! ሰጥተናል! አባታችን፣ ይባርኩልን፣ ቶሎ!"

ቄስ ወልደ ጊዮርጊስ ራኬቱን ወደ ግራ እጃቸው አዛውረው በቀኛቸው መስቀላቸውን አወጡ። እያለከለኩ አጠር አድርገው ባረኩ።

"ሰርጉስ?" አለች ናዝሬት። 

"ከጾሙ በፊት፣ በፈለጋችሁበት ቀን!"

"ቅዳሜ ብቻ እንዳይሆን" አሉ አቶ እንደሻው። "ቅዳሜ ግጥሚያ አለብን።"

ናዝሬት ይህችን ቀን ስንት ጊዜ በሐሳቧ አይታታለች። አባቷ "ሰጥተናል" ሲሉ ድምጻቸው ሲንቀጠቀጥ፣ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሲጠርጉ። የፈለገችውን አግኝታለች፤ ቅር ልትሰኝ አይገባም። ግን ያሳደጓት ሰው በአንዲት ወንፊት ኳስ ለወጧት። ኳሷን ከኪሷ አወጣችና፣ በእጃቸው እንደማቀበል፣ ባላት ጉልበት ሁሉ ወደ ሰማይ ወረወረቻት። የጭላሎ ነፋስ ተቀብሎ አንሳፈፋት፣ አዙሮም መስመሩ አጠገብ ጣላት። ኖራው ቦነነ።

"አውት ናት!" የሚል የአባቷን ድምጽ ከኋላዋ ሰማች።

"ገብታለች!"

ዞር ሳትል ቤቷ ገባች። እትዬ ተሻለች ከበሩ ጠበቋት።

"ምን አሉ?"

"ሰጥተውኛል።"

"እሰይ! እልል በዪ እንጂ ታዲያ! አባትሽ አለቀሰ?"

"ኳሷን ስይዝበት ሊያለቅስ ነበር።"

 እትዬ ተሻለች ወጡን አወጡ፣ ለሽማግሌዎቹ የተዘረጋውን ገበታ ከፈቱ፣ ጠጁን ቀዱ።

"ነዪ፣ ቁጭ በዪ" አሉ።

ናዝሬት ከሽማግሌዎቹ አንዱም ባልተቀመጠበት ወንበር ላይ ቁጭ አለች።