መልሴን ለመቀየር የሮጥኩ ዕለት

አምቦ ውስጥ «መርጋ እንዴት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ «እሱማ ሁሌም ደህና ነው» ይሏችኋል። ይህን ስም ያተረፍኩት በብዙ ልፋት ነው። መንገድ ላይ በኦሮምኛ «አከም ጅርቱ፣ ኦቦ መርጋ?»፣ እንዴት ነዎት አቶ መርጋ፣ ላለኝ ሁሉ «ነጋ!»፣ ደህና ነኝ፣ የምለው እስከ ማዶ እንዲሰማ አድርጌ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥም ወፍራሙን ድምፅ የምይዘው እኔ ነኝ። ከ2014 ፋሲካ ወዲህ ግን ረጅሙ ዜማ ላይ ስንደርስ አፌን ብቻ እከፍት ነበር። ማንም አልነቃብኝም።

በ2015 ዓ.ም. መስከረም ላይ ለደም ግፊት ክትትል ወደ ክሊኒክ ሄድኩ። ግፊቴ ደህና ነበር፤ ተራው ግን ረጅም፣ ሆዴም ባዶ። ልወጣ ስል ሲስተር ለንሳ የምትባል ነርስ ለጥናት አንድ ነገር ልጠይቅዎ አለችኝ።

«በአጠቃላይ የኑሮዎን ጥራት እንዴት ያዩታል? በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ መካከለኛ፣ መጥፎ፣ በጣም መጥፎ?»

«መጥፎ!» አልኳት። ከአፌ አመለጠኝ።

«እንደዚያው ልጻፈው?»

«ጻፊው። በጣም መጥፎ ስላላልኩ አመስግኚኝ።»

በቀልዴ ኮርቼ ወጣሁ። በማግስቱ ቢሮ ስገባ ለባልደረባዬ ለአዱኛ እንደ ጨዋታ ነገርኩት። አዱኛ ስልኩ ላይ የማያነበው ነገር የለም። እሱ ግን አልሳቀም።

«እሱ እኮ የተጠና ነገር ነው» አለ። «ሕመማቸው ተመሳሳይ ከሆነ ሰዎች መካከል ኑሯችን መጥፎ ነው ያሉት ቀድመው የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው።»

ከት ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ መሀል ላይ ቆመ። በገዛ አፌ ሞቴን የጠራሁ መሰለኝ። የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ነገሩ እንደዚያ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ባጃጅ እንኳ ሳልጠብቅ ሮጥኩ። የክሊኒኩን ደረጃ ወጥቼ የለንሳ በር ላይ ስደርስ «በጣም ጥሩ ብለሽ ቀይሪው» ልላት ነበር።

«በ… በጣም…»

«በጣም ምን? በጣም መጥፎ?»

ትንፋሽ አጥሮኝ በሁለት እጄ «አይደለም! አይደለም!» አልኩ። እሷ ጭንቅ የያዘኝ መስሏት አስቀመጠችኝ። ደረቴን አዳመጠች፤ ቁርጭምጭሚቴን ጫን አድርጋ አየችው። አብጦ ኖሮ ጣቷ ያረፈበት ጎድጉዶ ቀረ።

«ትንፋሽ የሚያጥርዎ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አሁን ሮጬ ነው።»

«ከዚያ በፊትስ?»

የመዝሙሩን ነገር ነገርኳት። ማታ ትራስ ደራርቤ ካልሆነ መተኛት እንዳቃተኝ፣ ባለቤቴ ዶርቃስ ስትጠይቀኝም ትራሱ ሳስቷል እያልኩ እንደምሸውዳት ነገርኳት።

«ታዲያ ትናንት ለሐኪሙ ለምን አልነገሩትም?»

«እንዴት ነህ አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት።»

ለንሳ ሳቋን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞረች። «ኦቦ መርጋ፣ ሰው የሚሞተው መጥፎ ነው ስላለ አይደለም» አለችኝ። «አንዳንዴ ሰው የግፊት መለኪያው ያላየውን ነገር በውስጡ ይሰማዋል። መልስዎን አልቀይረውም። ይልቅ ሐኪሙን ልጥራ።»

በምርመራ ልቤ ደክሞ ተገኘ። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጠኝ፣ ጨው ከለከለኝ። ሳልዘገይ በመምጣቴም ጎበዝ አለኝ፤ ለምን እንደመጣሁ አልነገርኩትም።

ዶርቃስ ግን ሁሉንም ሰማች። አልቅሳ ስታበቃ «ለማታውቃት ነርስ የነገርከውን ለእኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አለችኝ።

አሁን እግሬ አብጦ አያድርም፤ መድኃኒቱ ተስማምቶኛል። ወደ ማታ ከዶርቃስ ጋር ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ እንራመዳለን። ባለፈው ሳምንት ዳገቱ ላይ ቆምኩና «ደከመኝ» አልኩ፤ ጮክ ብዬ፣ ሰው እየሰማ። ዓብዲሳ የሚባል ባለሱቅ ሰምቶ ኖሮ ወንበር ይዞ ወጣ። ከመቀመጤ በፊት ትንሽ ተግደረደርኩ፤ ልማድ ነው።

ዶርቃስ አጠገቤ ቆማ አየችኝና ወደ ዓብዲሳ ዞረች። «ለእኔም ሌላ ወንበር አለህ?» አለችው።