በረኪና የቀመሰ አፈር

ዕድሜውን ቤት ሲቀባ የኖረ ሰው ነበር። የቀለምና የቫርኒሽ ሽታ አፍንጫውን ስለገደለው፣ በስተርጅና የጀመረውን ሥራ ከእሱ በቀር የሚችለው አልነበረም። ልጁ ዕቃ ከምታጥብበት ሆቴል የተረፈውን ምግብ በበርሜል እያስመጣ፣ ከደረቅ ቅጠልና ከሰጋቱራ ጋር እያደባለቀ፣ ከቤቶቹ ጀርባ በቆፈራቸው ጉድጓዶች ያበሰብሰዋል። ሲደርስ ጥቁር፣ በመዳፍ ሲጨብጡት የሚፈረፈር ማዳበሪያ ይወጣዋል።

መጀመሪያ የሰፈሩ ሰው አፍንጫውን ይዞ ነበር የሚያልፈው። ድንጋይ ብቻ ያበቅል የነበረው የጋራ መሬት ጎመንና ካሮት መስጠት ሲጀምር ግን ያው ሰው ጆንያ ይዞ ተሰለፈ። «የአፈር ሐኪም» አሉት። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ቀና ብሎ ሄዶ አያውቅም።

አንድ ቀን ጉድጓዱን ሲያገላብጥ ብስባሹን የሚያብላሉለት ትሎች ነጥተው፣ ተጠቅልለው ሞተው አገኛቸው። ሙቀት ነው ብሎ ውኃ እያጠጣ ቆየና ሲደርስ እንደ ልማዱ አከፋፈለው። የወሰዱት ሁሉ ችግኛቸው ቢጫ ሆኖ ተኛ። አትክልት ሸጣ ልጆቿን የምታሳድገው ጎረቤቱ ልትጣላው ተንደርድራ መጣች፤ የበርሜሉን ክዳን ስትከፍት ግን ፊቷን አዞረች።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ በረኪና ነው» አለችው። «አይሸትዎትም እንዴ?»

ልጁ ከሥራ ስትገባ ጠየቃት። ጫማዋን ሳታወልቅ ቁጭ ብላ ነገረችው። በሆቴሉ የኋላ በር ትራፊ የሚለቅሙ ሰዎች ስለበዙ፣ ሥራ አስኪያጁ ምግቡ ላይ በረኪና ይደፋበት ብሏል። የምትደፋው እሷ ናት።

«ሰው እንዳይበላው?»

«እንግዶቹ ደስ አይላቸውም ተባለ።»

«ለእኔ እንኳ አትነግሪኝም?»

«ብነግርህ ሄደህ ትጣላለህ። እኔ ደግሞ እባረራለሁ። ምን ልንበላ ነው፣ አባዬ?»

በማግስቱ ጎረቤቶቹን ሰብስቦ፣ በርሜሉን በበረኪና አጥቤ ሳላለቀልቀው ቀርቼ ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አላቸው። አትክልት ሻጯ ዓይን ዓይኑን አየችው። አላመነችውም፤ ሆድ ካገር ይሰፋልና ዝም አለች። ሌላው ግን ዝም አላለም፤ «ሐኪሙ ገደለው» የምትል ቀልድ ሰፈሩን ዞረች፣ ጉድጓዶቹም በፍርስራሽ ተደፈኑ።

አላስችል ቢለው ወደ ሆቴሉ የኋላ በር ሄደ። ፌስታል ይዘው የሚጠብቁ ሰዎች አገኘ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ምግቡ መርዝ አለበት፣ አትንኩት አላቸው።

አንዲት የደከመች ሴት ቦታዋን ሳትለቅ ቀና ብላ አየችው። «እናውቃለን፣ ጋሼ» አለች። «አጥበን ነው የምንበላው።»

ቤት ሲደርስ ልጁ ከሆቴሉ ደመወዟ የገዛችውን ራት አቅርባ ትጠብቀው ነበር። ተቀምጦ በላ።