ብርጭቆ ሥር የተተወ ጉርሻ

ኑዕማን ቡፌ የሚወደው መጠበቅ ስለሰለቸው ነው። ሳምንቱን ሙሉ ኤርፖርት የታክሲ ተራ ላይ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ይከርማል። እሁድ ደግሞ ቁጭ ብሎ ምግብ መጠበቅ አይሆንለትም። ዳላስ አጠገብ ባለችው ካሮልተን ውስጥ፣ ከሚኖሩበት አፓርታማ ብዙ ሳይርቅ፣ አንድ ፓኪስታናዊ የሚያስተዳድረው የሐላል ቡፌ ቤት ነበር። ከሚስቱ ከሳጂዳ ጋር ከተጋቡ ወዲህ የእሁድ ምሳቸው እዚያ ነው። በዚያ ቤት የተከራከሩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሱም በቲፕ፣ ለአስተናጋጅ በሚተው ጉርሻ፣ ነበር።

«ለአስተናጋጇ ይኼን ሁሉ የምትተውላት ለምንድን ነው?» አለች ሳጂዳ። «ሌላ ሬስቶራንት ቢሆን እሺ። እዚህ ምግቡን ያመጣነው እኛ ነን።»

«ሳህኑን ማን አነሳው? ውሃውንስ? ትኩሱን የናን ቂጣስ ማን አመጣልሽ?»

«ሶ፣ ለውሃና ለሳህን እንደ ሙሉ አስተናጋጅ ይከፈላታል?»

«ሙሉ አላልኩም። ማለቴ፣ ሌላ ቦታ ሃያ ፐርሰንት የምንተው ከሆነ እዚህ አሥር። ቤቱ በሰዓት የሚከፍላት እኮ ሁለት ዶላር ከምናምን ነው። ያን ሁሉ ሻንጣ አውርጄለት ሳንቲም ሳይሰጠኝ በሩን ዘግቶ የሚሄድ ሰው ሲያጋጥመኝ፣ ቤት መጥቼ ምን እንደምል ታውቂያለሽ።»

ሳጂዳ ሳቀች። ምን እንደሚል ታውቃለች። በአሥር ፐርሰንት ተስማሙና ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

እ.ኤ.አ. በ2009 ሳጂዳ ሴት ልጅ ወለደች፤ ማርዋ አሏት። የሳጂዳ እናት ወይዘሮ መስዑዳም ሊያርሷት ከኮምቦልቻ መጡ። ወይዘሮ መስዑዳ ኮምቦልቻ ገበያ ላይ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው፣ ጥቂት የሚናገሩ፣ ብዙ የሚያዩ ሴት ናቸው። የሳጂዳ ወገብ እንደጠና እሁድ እሁድ እሳቸውም አብረው ቡፌ መሄድ ጀመሩ።

ጉርሻ ምን እንደሆነ የማያውቁ ሰው አልነበሩም። አገራቸው ሆቴል ሲገቡ ምግብ ላመጣላቸው ልጅ እጁ ላይ ያስጨብጡታል። ይኼኛው ቤት ግን ሌላ ሆነባቸው። ሰዉ እንደ ሠርግ ቤት ተሰልፎ፣ ጭልፋ ይዞ፣ ያማረውን ለራሱ ይጨልፋል። ሒሳቡም በር ላይ ካሸሩ ዘንድ ይከፈላል። ታዲያ ማን ማንን ያጎርሳል?

የመጀመሪያው እሁድ፣ ኑዕማን ሒሳብ ሊከፍል ቀድሞ ሄደ። ሳጂዳም ሕፃኗን አቅፋ ተከተለችው። ወይዘሮ መስዑዳ ጉልበታቸውን ያማቸዋልና ሁልጊዜ መጨረሻ ነው የሚነሱት። ሲነሱ፣ ኑዕማን ከጠጣበት ብርጭቆ ሥር የተጣጠፈ ብር አዩ። አማቻቸው ቁልፍ በፈለገ ቁጥር ኪሱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ያገኘው ጠረጴዛ ላይ የመዘርገፍ አመል እንዳለው ቤት ውስጥ ታዝበውታል። ረስቶት ነው ብለው አነሱና መሐረባቸው ላይ ቋጠሩት።

ሊሰጡት አስበው ነበር። በሚቀጥለው እሁድ ግን እንደገና ረሳ። ከዚያም በኋላ እንዲሁ። አማት አማቿን ገንዘብ አያያዝ አታውቅም ብላ አትናገርም። ለልጃቸው ቢነግሩም ባሏን በፊቷ ማሳነስ ይሆናል። አገሬ ስገባ ለማርዋ የጆሮ ወርቅ ገዝቼ እልክበታለሁ፣ አሉ በልባቸው። ልጃቸው ለዝርክርክ ሰው መዳሯ ግን ያሳስባቸው ጀመር።

የሚያስተናግዳቸው ሱኒታ የምትባል ሴት ነበረች። ኔፓል ውስጥ ካምፕ ኖራ፣ በስደተኛ ፕሮግራም ዳላስ ከገባች ዓመት ያልሞላት ናት። መጀመሪያ ማርዋን ሳትዳብስ አታልፍም ነበር። ናኑንም ከምድጃ እንደወጣ ታመጣላቸው ነበር። ሳምንታት ሲያልፉ ውሃው መዘግየት ጀመረ። ቀጥሎ ናኑ ቀዝቅዞ ይመጣ ጀመር፤ ቀጥሎም ቀረ። ኑዕማን ቲፑ አንሶባት ነው ብሎ ጨመረ። ሱኒታ ይባስ ፊቷን አዞረች። እንደገና ጨመረ።

«ሕፃን ይዘን ስለምንመጣ ይሆን?» አለች ሳጂዳ።

«ሂጃብሽን አይታ እንዳይሆን።»

«የሐላል ቤት ውስጥ?» አለች ሳጂዳ።

በሰኔ አንድ እሁድ፣ ሱኒታ ገና ሳህናቸው ሳያልቅ ሒሳቡን አምጥታ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ጣል አድርጋ ሄደች። ኑዕማን ያን ዕለት ምንም አልተወም። ሴቶቹን ወደ መኪና ላካቸውና ማናጀሩን አስጠራ። ስለ ውሃው፣ ስለ ናኑ፣ ስለ ፊቷ ነገረው። ማናጀሩ ሱኒታን ጠራ።

«ድሮ ይተዉልኝ ነበር» አለች ሱኒታ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ። «አሁን ወር አልፏል። ተመልሼ ስመጣ ጠረጴዛው ባዶ ነው።»

«እኔ በየሳምንቱ ብርጭቆው ሥር አስቀምጣለሁ» አለ ኑዕማን። «ወላሂ፣ ጨምሬም ነበር።»

«ታዲያ ማን ወሰደው?» አለ ማናጀሩ።

ሁሉም ወደ አንድ ሰው ዞሩ። ገብረመድኅን የቤቱ ባስቦይ ነው፤ ሰው በልቶ ሲነሳ ሳህን ይሰበስባል፣ ጠረጴዛ ይወለውላል። አርባ ዓመት ያለፈው ዝምተኛ ሰው ነው። ከኑዕማን ጋር እሁድ እሁድ በአማርኛ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። በዚያ ሰዓት የሳህን ገንዳውን እንደታቀፈ አጠገባቸው ደርሶ ነበር።

«እኔ የማነሳው ሳህን ነው» አለ።

ማናጀሩ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። የኢኮኖሚው ቀውስ ገበያውን ካቀዘቀዘው ወዲህ ከሁለቱ ባስቦዮች አንዱን ለመቀነስ ሰበብ ሲፈልግ ከርሟል። «ሽርጡን አውልቅ» አለው፤ ሰዉ እየበላ፣ ሰዉ እያየ።

ገብረመድኅን ኑዕማንን አየው። ኑዕማን የመኪናውን ቁልፍ አየ። ይኼ ሰው ያደርገዋል ብሎ አላመነም፤ አያደርገውም ብሎም አልተናገረም። ገብረመድኅን ገንዳውን አስቀመጠ፣ ሽርጡን ፈታ፣ አጣጥፎ ወንበር ላይ አኖረና በወጥ ቤቱ በኩል ወጣ።

ኑዕማን መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተር አስነሳ። ለሳጂዳ የሆነውን ነገራት። ከኋላ ከማርዋ ጋር የተቀመጡት ወይዘሮ መስዑዳ አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ።

«ሰረቀ የተባለው ማን ነው?»

«ያ አበሻ፣ ገብረመድኅን። ጠረጴዛ ላይ የምተወውን ሲወስድ ነው አሉ የከረመው።»

«የምትተወው? ለማን ነው የምትተወው?»

«ለአስተናጋጇ ነዋ፣ እማ። ጉርሻ ነው።»

«ምግቡን ራሳችን አንስተን?»

ኑዕማን መልስ ሊሰጥ ዞር ሲል፣ ቦርሳቸውን ከፍተው የተቋጠረ መሐረብ ሲያወጡ አየ። ቋጠሮው ጠብድሏል። ሳጂዳ «እማ!» ብላ አፏን ያዘች።

«የረሳኸው መስሎኝ ነው» አሉ። «ሞተሩን አጥፋው። እንመለስ።»

«ኦኬ፣ ነገ ማናጀሩን ኮል አደርገዋለሁ። እማ፣ አሁን እኮ ቤቱ ሰው ሞልቶበታል።»

«ሰው በሞላበት አይደለም የተዋረደው?» አሉና በሩን ከፈቱ።

ካሸሩ ጋ ሲደርሱ መሐረቡን ባንኮኒው ላይ አኖሩት። «የወሰድኩት እኔ ነኝ በለው» አሉ። ኑዕማን ትንሽ አለመግባባት ተፈጥሮ ነበር፣ ገንዘቡ ተገኝቷል፣ ብሎ ለማናጀሩ ነገረው። ወይዘሮ መስዑዳ እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ሰው ሲያለሳልስ ግን በየትኛውም ቋንቋ ያውቃሉ።

«እኔ ያልኩህን አልነገርከውም» አሉ። ደረታቸውን በመዳፋቸው መቱ፣ ወደ መሐረቡ ጠቆሙ፣ እንደገና ደረታቸውን መቱ። «እኔ! እኔ ነኝ!» አሉ ጮክ ብለው። አጠገብ የነበሩት ተመጋቢዎች ማኘካቸውን አቆሙ።

ማናጀሩ ሳቀ። ችግር የለም እናቴ፣ ችግር የለም፣ አለ በእንግሊዝኛ። ሰውዬው ነገ ይመለስ ብለህ ንገረው አለው ለኑዕማን፣ ዕቃ የተዋሰ ያህል ቀለል አድርጎ።

ሱኒታ አልሳቀችም። መሐረቡን ፈታች፤ ብሩን ለሁለት ከፍላ ግማሹን ወደ ወይዘሮ መስዑዳ ገፋችው። «ለገብሬ» አለች። በዚያ ቤት አስተናጋጆቹ ከሚያገኙት ለባስቦዮቹ ያካፍላሉ። እሷ ግን ወይ ቤተሰቡ መተው ትቷል፣ ወይ ገብረመድኅን ያነሳዋል ብላ ከጠረጠረች ወዲህ ድርሻውን ከልክላው ኖራለች። ሁለቱም ዳላስ ውስጥ ቪከሪ ሜዶ የሚባል ሰፈር ነው የሚኖሩት፣ የሚሳፈሩትም በአንድ አውቶቡስ ነው፤ አጠገቡ መቀመጥም ትታ ነበር።

የእሁድ አውቶቡስ ቶሎ አይመጣም። ገብረመድኅንን መንገድ ዳር ባለው ፌርማታ፣ ጥላ በሌለው አግዳሚ፣ የሥራ ጫማውን የያዘ ፌስታል እግሩ ሥር አድርጎ ተቀምጦ አገኙት። ወይዘሮ መስዑዳ ከመኪናው ሲወርዱ ሲያይ ከመቀመጫው ተነሳ።

«የኔ ወንድም፣ ገንዘቡን የወሰድኩት እኔ ነኝ» አሉት። «የረሳው መስሎኝ እየሰበሰብኩ ሳስቀምጥለት ነበር። አንተ በኔ ኃጢአት ተዋረድክ። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።»

ገብረመድኅን ክንዳቸውን ይዞ አግዳሚው ላይ አስቀመጣቸው።

«እርስዎ ባለማወቅ ነው፣ እናቴ። ያለ ነው።» ቀና ብሎ ኑዕማንን አየው። «አንተ ግን እዚያው ቆመህ ነበር።»

«ነበርኩ» አለ ኑዕማን።

«እኔን አየህና ቁልፍህን አየህ።»

አንድ የጭነት መኪና እያጓራ አለፈ። ኑዕማን እስኪያልፍ ጠበቀ። «ማናጀሩ ነገ ይመለስ ብሏል» አለ በመጨረሻ።

«አልመለስም።»

«ለምን? ነገሩ ተጣርቷል እኮ።»

«ይኼን ያህል ጊዜ ስሠራ አውቆኝ፣ አንድ ጥያቄ አልጠየቀኝም። ነገ ማንኪያ ቢጠፋ እኔው ነኝ።» ወይዘሮ መስዑዳ የዘረጉለትን ብር አየው። ሱኒታ የላከችው መሆኑን ሲነግሩት ተቀበለና ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተው። «ይኼ የላቤ ነው፣ እወስደዋለሁ።»

ከዚያ ሁሉ በኋላም አውቶቡሱ አልመጣም ነበርና ገብረመድኅን መኪናቸው ውስጥ ገባ። እስከ ቪከሪ ሜዶ ድረስ ወሬ ያነሱት ወይዘሮ መስዑዳ ብቻ ናቸው። አገሩን ጠየቁት፤ ማይጨው ነው አለ። አላማጣ ድረስ ጨርቅ ይዘው ይሄዱ እንደነበር፣ ማይጨው ግን ገብተው እንደማያውቁ ነገሩት። ማርዋ አለቀሰች፤ ሳጂዳ አጠባቻት። አፓርታማው በር ላይ ሲደርሱ ለወይዘሮ መስዑዳ እጅ ነሥቶ ወረደ።

ኑዕማን ያን ሳምንት ለገብረመድኅን ሥራ ማፈላለግ ጀመረ። የታክሲ ባልደረባው የሲራጁዲን ወንድም ፎርት ዎርዝ መጋዘን ውስጥ ሱፐርቫይዘር እንደሆነ ያውቅ ነበር። ሄዶ ሲራጁዲንን ለመነው። ቦታ ሲገኝ የገብረመድኅንን ስልክ ከሱኒታ ተቀብሎ ደወለለት። ገብረመድኅን እስኪጨርስ ሰማውና «መኪና የለኝም» አለ።

«እኔ አደርስሃለሁ።»

ከካሮልተን ቪከሪ ሜዶ፣ ከዚያ ፎርት ዎርዝ፣ ከዚያ ወደ ኤርፖርት መመለስ በጣም ጠማማ መንገድ ነው። ኑዕማን ያን ሁሉ የዳላስ በጋ ጎሕ ሳይቀድ እየተነሳ አደረሰው። መኪና ውስጥ የሚያወሩት ስለ ትራፊክ ነበር፤ አንዳንዴም ስለ ቤንዚን ዋጋ። አንድ ቀን ኑዕማን «ያን ዕለት መናገር ነበረብኝ» ብሎ ጀመረ። ገብረመድኅን «በግራ ያዝ፣ መውጫው ደርሷል» አለው። ኑዕማን በግራ ያዘ። ደግሞ አላነሳውም።

ቡፌውን አልተዉትም። ኑዕማን ሌላ ቤት እንሞክር ሲል ወይዘሮ መስዑዳ እምቢ አሉ፤ በሚቀጥለውም እሁድ እዚያው ሄዱ። ሱኒታ ናኑን በትኩሱ አመጣች። ከማናጀሩ ጋር ማንም አልተነጋገረም። ሲነሱ ቲፑን ያስቀመጠችው ሳጂዳ ነበረች። ከአሥር ፐርሰንት ይበልጥ እንደነበር ኑዕማን አይቷል።

ወይዘሮ መስዑዳ በመስከረም አገራቸው ገቡ። ኮምቦልቻ ላይ ጎረቤቶቻቸው አማችሽ እንዴት ያለ ሰው ነው ብለው ሲጠይቋቸው፣ ደግ ነው፣ ሠራተኛም ነው፣ አፉ ግን ይዘገያል፣ ይሉ ነበር።

ገብረመድኅን የአሜሪካው ብርድ ሳይገባ አሮጌ ኮሮላ ገዛና ፎርት ዎርዝ ቤት ተከራየ። ከኑዕማን ጋር ወዳጅ አልሆኑም። ለዒድ ግን ይደውላል። ስለ ወይዘሮ መስዑዳ ጉልበት ይጠይቃል፣ ማርዋ መሄድ ጀመረች ወይ ይላል። ኑዕማን ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ፣ ብሎ ስልኩን ለሳጂዳ ያቀብላታል።