ራሷ የቆለፈችው ጋዋን

ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሁሉ አንድ ነገር ይላል፦ «አቤት ትዕግሥቷ! ከእነዚያ ሁሉ ሕፃናት ጋር!» እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ጥርሴን እነክሳለሁ። እህቴ ብዙ ነገር ነበረች፤ ትዕግሥተኛ ግን አልነበረችም። ትዕግሥተኛዋ እኔ ነበርኩ። እሷ ትዕግሥት የምታስጨርስ ሰው ነበረች። ልዩነቱን የሚያውቀው አብሯት የኖረ ብቻ ነው።

የቤታችንን የፊት ክፍል የሕፃናት መዋያ አድርገነው ነበር። እሷ ታስተምራለች፤ እኔ አፍንጫ እጠርጋለሁ፣ ወለል እጠርጋለሁ፣ ከወላጅ ጋር እጨቃጨቃለሁ። ጭቅጭቁ ሁልጊዜ ስለ እርሳስ ነው። እህቴ እታለም አንድ ሕግ ነበራት። የጋዋኑን ቁልፍ ራሱ ያልቆለፈ ልጅ እርሳስ አይነካም። አለቀ። ሊጥ ይድቦለቦላል፣ ወረቀት ይቀደዳል፣ የልብስ መቆንጠጫ ገመድ ላይ ይሰካል፣ ባቄላ በሁለት ጣት እየተለቀመ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። እርሳስ ግን የለም።

«እጅ ሳይኖር እርሳስ ምን ያደርጋል?» ትላለች።

«እጅማ አላቸው፣ እታለም።»

«ያ እጅ አይደለም፣ ጭልፋ ነው።»

ቁልፉን ቆልፎ እርሳስ የተፈቀደለት ልጅም ቢሆን የሚያገኘው ጉማጅ ነበር። ወላጆች የገዙትን አዲስ እርሳስ ሁሉ በወጥ ቤት ቢላ ትቆራርጠዋለች። ረጅሙን በጡጫ ይጨብጡታል፤ አጭር ከሆነ ግን ጡጫ አይበቃውም፣ ግድ በጣት ይያዛል ባይ ናት። እውነቷን ነው። ግን በር ላይ ቆሞ «የገዛሁትን እርሳስ ምን በላው?» ለሚል አባት ይህን የሚያስረዳው ማን ነው? እኔ።

ከልጆቹ ሁሉ የባሰችው የሾፌሩ ልጅ ነበረች። ማንኪያውንም፣ ቀለሙንም፣ የጓደኛዋንም ፀጉር በሙሉ ጡጫዋ ነው የምትይዘው። እታለም «ቡጢ» አለቻት፤ ስሙም ጸናባት። አባቷ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። ሲናገር የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ያልወረደ ተሳፋሪ የሚያስወርድ ይመስላል።

«እትዬ፣ የጎረቤቴ ልጅ ሙሉውን ፊደል ገልብጣ ጨርሳለች። የእኔዋ ምን ይዛ መጣች? ሊጥ!»

«ጥሩ ሊጥ ነው» አለች እታለም።

«ዳቦ ጋጋሪ ላደርጋት አላመጣኋትም!»

«መሪውን ስታዞር በጡጫህ ነው በጣትህ?»

«በ... ይሄን ምን አገናኘው?»

«ይኸው፣ አላወቅከውም። ሂድ፣ መንገድ ላይ አስብበት።»

ብላው ትገባለች። በሩ ላይ ከሰውየው ጋር ተፋጥጬ የምቀረው እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ጠዋት ፊቷን ስትታጠብ ወደቀች። ስትሮክ ነው አሉን። ነፍሷ ተረፈ፤ ምላሷማ ከሁሉ ቀድሞ ተረፈ። እግሯም በከዘራ መሄድ ጀመረ። ቀኝ እጇ ግን እንደ ደረቀ ቅጠል ተጨብጦ ቀረ።

ሐኪሙ «ተቀምጣ ማስተማር ትችላለች» ባለን ማግስት ደስ ብሎኝ ጋዋኗን ይዤላት ገባሁ። ሰማያዊ ነው፤ ከአንገቱ እስከ ጉልበቱ ቁልፍ የተደረደረበት። ክንዷን አስገባሁና ልቆልፍላት ጎንበስ ስል በግራ እጇ እጄን መታችው።

«ምን ሆንሽ?»

«ሕጉን ታውቂዋለሽ።»

«የምን ሕግ?»

«ቁልፉን ራሱ ያልቆለፈ እርሳስ አይነካም። እርሳስ የማይነካ ሰው ደግሞ እርሳስ አያስተምርም።»

«እታለም! ያ ለአምስት ዓመት ልጅ ነው!»

«ለእጅ ነው። ዕድሜ ጠይቄ አላውቅም።»

«እሺ፣ በግራሽ ብቻ ቆልፊው።»

«ልጆቹ በአንድ እጃቸው ሲታገሉ ምን እላቸዋለሁ? ሌላውን ቀስቅሰው እላለሁ። ውጪልኝ አሁን።»

ወጣሁ። ለምናለሁ፣ እቆጣለሁ፣ እንደገና እለምናለሁ፤ ወይ ፍንክች። እንደዚያ የምትወደውን ክፍል፣ በእግሯ ልትደርስበት የምትችለውን፣ በራሷ ሕግ ራሷ ላይ ዘጋችው።

ዘግታውስ መቼ ተወችው? መኝታ ቤቷንና የልጆቹን ክፍል የሚለያቸው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። እኔ ወዲህ ሳስተምር እሷ ወዲያ ሆና በከዘራዋ ግድግዳውን ትደበድባለች።

«ሚጣ! መቀሱን በየትኛው ጫፍ ነው ያቀበልሻቸው?»

«በሚያዘው!»

«ወረቀቱን ማን እየያዘላቸው ነው? አትያዢላቸው!»

ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ ያ ሁሉ ሕፃን እየሰማ፣ ሚጣ! ሳምንት አልሞላም፤ ልጆቹም ሚጣ ይሉኝ ጀመር። «ሚጣ፣ አፍንጫዬ!»

ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ሲወጡ ተራው የእሷ ነው። የእነሱን ሊጥ፣ የእነሱን መቆንጠጫ፣ የእነሱን ባቄላ አልጋዋ ላይ እዘረግፋለሁ። እንደ እሷ ያለ ክፉ ተማሪ አይቼ አላውቅም። ዞር ስል በግራዋ ሰክታ ትጠብቀኛለች።

«ይሄን ማን ሰካው?»

«እኔ።»

«በየትኛው እጅሽ?»

«በእጄ።»

ሊጡ ሸተተኝ ትላለች። ባቄላው ተንከባለለ ትላለች። መቆንጠጫውን አንስታ ትወረውራለች፤ ከአልጋ ሥር ተንበርክኬ የምለቅመው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ቢጨንቀኝ ለልጆቹ የምትለውን መልሼ ነገርኳት።

«ሌባው ገፍቶ ይገባል፣ አውራው በር ላይ ይይዘዋል።»

የቁልፍ ትምህርቷ ይኸው ነበር። የአንዱ እጅ ሌባ ጣት ቁልፉን ወደ ቀዳዳው ይገፋዋል፤ በወዲያ በኩል የሌላው እጅ አውራ ጣት ጠብቆ ይጎትተዋል። ልጆቹ ሌባው በተያዘ ቁጥር በሳቅ ይፈርሳሉ።

«ሌባው ሞቷል» አለችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ተናደድኩ እንጂ አላዘንኩም። ለሰው የሚታዘነው ዝም ሲል ነው። እሷ ግን ወዲያው ዞር ብላ «መብራቱን አጥፊው፣ በነፃ ነው እንዴ የሚበራው?» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ብልሃት ያገኘሁ መሰለኝ። ጋዋኑን ደብቄ ወሰድኩና ቁልፎቹን ነቅዬ፣ በሕፃን ጫማ ላይ እንዳለው ዓይነት እርስ በርሱ የሚጣበቅ ጨርቅ ሰፋሁበት። ቁልፎቹን ለመልክ ከላይ መለስኳቸው። ከሩቅ ለሚያይ አይለይም። ጫን ቢሉት ይያዛል። ይህን ስሠራ ዓይኔ ሊጠፋ ነበር።

ለበሰችው፤ በተጨበጠው እጇ ደረቷን ጫን አለችው፤ ያዘ። ፊቷ በራ። ቀጥሎ አንዱን ጫፍ ጎተተችው። ቸርርር!

«ይሄ ምንድነው?»

«ቁልፍ።»

«ቁልፍ ይጮሃል?»

«እታለም፣ ማን ያይብሻል?»

«ልጆቹ ጉልበቴ ሥር ነው የሚውሉት! እነሱ ያላዩትን ማን ያያል? በመላ ሰውነቴ ውሸት ለብሼ ልግባላቸው?»

ከዚያ ወዲህ ግድግዳው ዝም አለ። ያ ዝምታ ከድብደባው ባሰ። መቀሱን በስለት በኩል ባቀብል እንኳ የሚጮህብኝ ጠፋ። የሰፋሁትን ሁሉ ስፌት በስፌት ፈትቼ፣ እየተሳደብኩ፣ ቁልፎቹን ወደ ቦታቸው መለስኩ።

ወላጆችም ልጆቻቸውን አንድ በአንድ መውሰድ ጀመሩ። ዓርብ ጠዋት ሾፌሩ ቡጢን አስገብቶ በሩ ላይ ቆመ።

«እትዬ የሉም፣ እርሳስ የለም። ከሰዓት ስመለስ ዕቃዋን ሰብስበው ይጠብቁኝ። ሰኞ መንገድ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ትገባለች።»

«እዚያ እኮ በዚህ እጇ እርሳስ አስጨብጠው...»

«እንዲያስጨብጧት ነዋ የምወስዳት!»

አውቶቡሱ መንገድ ዘግቶ ጡሩምባ እየተነፋበት ነበር። ሄደ።

ሊጥ እያካፈልኩ ዞር ስል ቡጢ የለችም። ጠረጴዛ ሥር የለችም፣ ጓሮ የለችም። የእታለም በር ግን ገርበብ ብሏል። ቀርቤ አየሁ። እታለም አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ጋዋኗ ትከሻዋ ላይ ክፍቱን ተንጠልጥሏል። ቡጢ ፊት ለፊቷ ቆማለች፤ የእሷም እንደ ልማዱ ክፍት ነው።

«ለምን አትመጪም?» ትላታለች ቡጢ።

«ቁልፌን አልቆለፍኩማ።»

«እኔም።» ትንሽ አሰበች። «አንቺም ጭልፋ ነሽ?»

እታለም በሚስቀው ግማሽ ፊቷ ሳቀች። «ጭልፋ ነኝ።»

«አሳዪኝ።» እጇን ሳብ አድርጋ አየችው። «ቡጢ ነው! የእኔን ይመስላል!»

ደስታዋ ልክ አልነበረውም። ወዲያው አልጋው ላይ ወጥታ ጎኗ ተቀመጠች፤ ሁለቱም የየራሳቸውን ጋዋን ያዙ። ጸጥ ብለው የሚሠሩ መስሏችሁ እንደሆነ ተሳስታችኋል።

«ሌባሽ የት ነው?»

«ይኸው።»

«አይንቀሳቀስም!»

«ሰነፍ ነው።»

«ቀስቅሺዋ!»

«የራስሽን ቀስቅሺ፣ እኔን ተዪኝ!»

«ቀዳዳውን ልያዝልሽ?»

«አትያዢልኝ!»

«እሺ አትጩሂብኝ!»

ቁልፉ ከእታለም ጣት ያመልጣል፤ ቡጢ ትስቃለች። ከቡጢ ያመልጣል፤ እታለም «ይበልሽ!» ትላለች። ልገባ አንድ እግሬን አነሳሁ።

«ሚጣ» አለች እታለም ቀና እንኳ ሳትል፣ «ልጆቹን ማን እያየ ነው?»

ማንም። ባቄላ በጠቅላላ ወለሉ ላይ ሲዘረገፍ ሰማሁ።

ባቄላውን ለቅሜ ስጨርስ የከዘራ ድምፅ መጣ። በሩ ተከፈተ። እታለም ገባች። አንድ ቁልፍ ብቻ ነው የቆለፈችው፤ እሱም የራሱን ቀዳዳ ትቶ ሁለት ዝቅ ያለው ውስጥ ገብቷል። ጋዋኑ ባንድ ወገን አብጧል፣ ኮሌታው ጆሮዋ ደርሷል። ከሥሯ ቡጢ ሆዷን ነፍታ ቆማለች፤ ሆዷ ላይ አንድ ቁልፍ፣ በትክክለኛው ቀዳዳ።

«ምን ታፈጣለሽ?» አለችኝ እህቴ። «እርሳስ አምጪ።»

ከጉማጆቹ አንዱን ሰጠኋት። በግራዋ ተቀብላ በሦስቱ የቡጢ ጣቶች መሃል አስቀመጠችው። ቡጢ ጡጫ ልታደርገው ሞከረች፤ እርሳሱ አጠራት። በጣቷ መለሰችው። ከወረቀቱ አንድ ጫፍ ጀመረች፣ ወረቀቱን ጨረሰች፣ ጠረጴዛውንም ቀጠለች።

ሰዓቱ ደርሶ ኖሯል፤ ሾፌሩ በዚህ መሃል ገባ።

«ይሄ ምንድነው?»

«መስመር» አለች እታለም።

«መስመርማ አያለሁ፤ ጠረጴዛው ላይ...» ቀና ሲል እሷን አያት፤ ድምፁ ዝቅ አለ። «እትዬ፣ ጋዋንዎ ተዛንፏል።» ወደ እኔ ዞረ። «ያስተካክሉላቸው እንጂ!»

እጄን ዘረጋሁ።

«አትንኪ!» ቡጢ ወንበሯን ገልብጣ ተነሳች። «ራሷ ነው የቆለፈችው!»

ሾፌሩ ልጁን አየ። የሆዷን ቁልፍ አየ።

«ያንንስ ማን ቆለፈው?»

«እኔ።»

አላመነም። እንደ ትኬት ተቆጣጣሪ ተንበረከከና ቁልፉን ፈታው። «እስቲ ድገሚው።»

ቡጢ ምላሷን አውጥታ ጀመረች። አመለጣት። እታለም በሹክሹክታ «ሌባው...» አለች። «አውቃለሁ!» ብላ ጮኸችባት። ውጭ ጡሩምባው ያለማቋረጥ ይጮሃል። አመለጣት። ሰውየው እጁን ላከ፤ መለሰው፤ ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ እንደገና አወጣው። መቆለፉ ቀላል ነው፤ ሌላው ሲያቅተው ዝም ብሎ ማየት ነው ሰው የሚገድለው። እሱም እንደ እኔ ሲጠበስ አይቼ ለመጀመሪያ ጊዜ አዘንኩለት።

ሌባው ገባ። አውራው ያዘው።

ሾፌሩ ተነሳ፣ ሰብስቤ ያስቀመጥኩትን የልጁን ቦርሳ አነሳ፣ ወደ መስቀያው ሚስማር ሄዶ መልሶ ሰቀለው። «የእብድ ቤት!» ብሎን ወጣ። ሰኞ ጠዋት አርፍዶ፣ ፊቱ ቀልቶ መጣ። «ሁሉንም እኔ ካልቆለፍኩ ከቤት አልወጣም ብላ! ተሳፋሪ ምን ልበለው?» እታለም «ቀድመህ ቀስቅሳት» አለችው።

ከዚያ በኋላ እህቴ በየቀኑ ክፍሉ ገባች፤ በየቀኑም ተዛንፋ። አንድ ቀን እንኳ ቀጥ ብሎ አልተቆለፈላትም። እኔም በየጠዋቱ እጄን ይበላኝ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ሁለተኛው ስትሮክ መጣባት፤ ይሄኛው አልተዋትም። ስሞት ሰማያዊውን ጋዋን አልብሱኝ ብላ ነበር። እኔ ነኝ ያለበስኳት። ከላይ እስከ ታች አስተካክዬ ቆለፍኩ። ቀና ብዬ ሳይ የሌላ ሰው መሰለችኝ። ሁሉንም ፈታሁና አንዷን ቁልፍ ብቻ ሁለት ዝቅ ካለው ቀዳዳ አስገባሁ፤ ኮሌታው ጆሮዋ ደረሰ።

ጎረቤታችን ከኋላዬ «ምስኪን፣ ሐዘኑ ዓይኗን ጋርዷት ነው» አለችና ልታስተካክል እጇን ሰደደች።

«አትንኪ!» አልኳት። ግድግዳው እስኪያስተጋባ።