ወሬኛዋ ማሽንና የእትዬ ፏፏ ፎጣ

«እማዬ፣ እንዳልሄድብሽ ብለሽ ነው?»

ልጅቷ እናቷን ይህን የጠየቀቻት በሰው ፊት ነው። ባሏ፣ የባሏ እህትና ሁለት የተከበሩ እንግዶች በጠባቧ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ቆመው ያዩዋታል። እሷ የቀሚሷን ጫፍ እየጠመዘዘች መሬት መሬቱን አየች። ነገሩ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ነው የጀመረው።

እናትን የሰፈሩ ሰው «ስጋቷ» ይላታል። ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣላትም። ሰማዩ ሲጠቁር ጎርፍ ትፈራለች፤ ሲጠራ ድርቅ። ልጇ ስታስነጥስ ሐኪም ቤት ይታያታል፤ ሳታስነጥስ ስትውል ደግሞ «ዛሬ ምን ነክቷት ይሆን?» ትላለች። ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር ባሏ «የእኔ ሚስት የነገውን ዛሬ ካልተጨነቀች ምግብ አይፈጭላትም» እያለ ያሾፍባታል።

አንዲት ልጃቸው ስለ ማሽን ተምራ ከዩኒቨርሲቲ ከተመለሰች ጀምሮ የልብስ ማጠቢያ ክፍሉን ወርሳዋለች። አሮጌውን የልብስ ማጠቢያ ማሽን ፈታታ ሆድ ዕቃውን አወጣችና፣ በቦታው ጣት የሚያካክሉ ብልቃጦች የሚሰኩበት ጎማ አስገባችበት። እናት ልብሱን በእጇ እያጠበች፣ «ደህና ዕቃ ነበር እኮ» ብላ በየቀኑ ታስታውሳታለች።

«ተመልከቺ እማዬ» አለቻት ልጅቷ አንድ ቀን። «ውሃው እዚህ ብልቃጥ ውስጥ ይገባል። ማሽኑ ሲሽከረከር ከባዱ ከቀላሉ ይለይና ከታች ይዘቅጣል። ዝቃጩን ከዚህ ጥቁር ብናኝ ጋር አደባልቀዋለሁ። ብናኙ ማግኔት የሚስበው ነው፤ ላዩ ላይ የቀባሁት ነገር ደግሞ ጀርም ሲያገኝ ሙጭጭ ይላል። ከዚያ በማግኔት ስስበው ጀርሙም ተጎትቶ ይመጣል።»

«እንደ አክስትሽ ነዋ» አለ አባት ከበሩ ላይ። «አንዴ ከያዘች ወዲያ አትለቅም።»

«ተጎትቶ ከመጣ በኋላስ?» አለች እናት።

«ሰማያዊ መብራት ይበራበታል። በሕይወት ያለ ጀርም ካለ ያብለጨልጫል። ማሽኑ ያንን ብልጭታ ሲያይ ይጮኻል።»

የሚጮኸው ደግሞ ክላክስ ነው። አባት ከድሮ አውቶቡሱ ነቅሎ ለማስታወሻ ያስቀመጠውን፣ አህያ የሚያስበረግገውን ክላክስ፣ ለልጁ በስጦታ ሰጥቷት ነበር። ማሽኑ ሲሽከረከር ክፍሉን ለቆ የመሄድ አመል ስላለው እግሮቹን ከወለሉ ጋር በብሎን ያሰረውም እሱ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከሩት የቤቱን የበርሜል ውሃ ነበር። ክላክሱ እምቧ አለ። ጎረቤት በአጥር በላይ አንገቷን አስግጋ፣ «ምን ተገኘባችሁ?» አለች። እናት ያን ቀን ማሽኑን «ወሬኛዋ» ብላ ሰየመችው። ሰው ገመናውን ሸፍኖ በሚኖርበት ዓለም፣ የቤትን ጉድ በክላክስ የሚያወራ ዕቃ አይታም ሰምታም አታውቅም።

በዚህ ቤት ስለ ንጽሕና የምትናገረው ግን ወሬኛዋ ብቻ አልነበረችም። የባሏ ታላቅ እህት አሉ። ለአንድ ሳምንት ብለው መጥተው ስንት ክረምት እንዳለፈ የሚቆጥር ሰው የለም። የታጠበውን ብርጭቆ ከእናት እጅ ተቀብለው፣ ከትከሻቸው በማይለየው ነጭ ፎጣ ያሹና ወደ ብርሃን ያነሱታል። «አሁን ፏ አለ» ይላሉ። በዚህም እትዬ ፏፏ ተባሉ። ፎጣዋን ማንም እንዲነካት አይፈቅዱም። እናት አንድ ጊዜ ከልብስ ጋር ልታጥባት ብታነሳት፣ «አንቺ ልታቆሽሻት ነው?» ብለው ስለነጠቋት፣ ከዚያ ወዲህ በዓይኗም አልነካቻት።

አንድ ቀን ስልክ ተደወለ። በሌላ ከተማ ያለ ትልቅ ላቦራቶሪ አንድ ክፍት ቦታ አለው፤ ፕሮፌሰሩ ራሳቸው መጥተው የልጅቷን ፈጠራ ያያሉ፤ ከሠራ ቦታው የእሷ ነው፤ ካልሠራ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ልጅቷ አባቷን አቅፋ ዘለለች። እናትም አብራ ዘለለች፤ ከዚያ ኩሽና ገብታ የሌላው ከተማ ብርድ ሳንባ ይመታ እንደሆነ ማሰብ ጀመረች።

በቀጠሮው ጠዋት ልጅቷ ሦስት ጠርሙሶች መስኮቱ ላይ ደርድራ እንግዶቹን ለመቀበል ወጣች። አንዱ የበርሜሉ ውሃ ነው። አንዱ ከውጪ በር አጠገብ ካለው ኩሬ የተቀዳ ነው። ሦስተኛው አባት አርቴፊሻል ጥርሱን የሚዘፈዝፍበት ውሃ ነው፤ እሱ ማታውኑ «ለሳይንስ ከሆነ ጥርሴን አልነፍግም» ብሎ በኩራት ሰጥቷል።

እናት ጠርሙሶቹን ቆማ አየቻቸው። ፕሮፌሰር የሚያህል ሰው ከሩቅ መጥቶ፣ በበርሜሏ ላይ ክላክስ ሊነፋባት ነው። በደጇ ላይ ሊነፋባት ነው። በባሏ ጥርስ ላይ ሊነፋባት ነው። ሰው እንግዳ ሲጠራ ቤቱን ይጠርጋል፤ ቆሻሻውን መርጦ መስኮት ላይ ይደረድራል እንዴ?

ያን ጊዜ ትዝ አላት። ቅዳሜ ቅዳሜ የጎልማሶች ትምህርት ትሄዳለች። ማንም ሳይረዳት፣ በጣቷ እየተከተለች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበበችው ዓረፍተ ነገር «የፈላ ውሃ ጀርም የለውም» የሚል ነበር። ያን ቀን አልቅሳ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከዚህ ዓረፍተ ነገር የበለጠ የምታምነው ነገር የለም።

ድስት ጣደች። ሦስቱንም በየተራ አንተክትካ፣ አቀዝቅዛ፣ ወደየጠርሙሳቸው መለሰች። እጇ አንዴ ከጀመረ አይቆምምና በርሜሉን በበረኪና ፈተገች። ኩሬው ላይ በረኪና ደፋች። የባሏን የጥርስ ብርጭቆም በበረኪና አጠበች። ባሏ ከመኝታ ሲነሳ ደግሞ እሱን ራሱን ወደ ገላ መታጠቢያው ገፍታ፣ ጀርባውን በሻካራ ጨርቅ አሸችው።

«ምን አጠፋሁ?» አለ።

«እንግዳ ይመጣል።»

«እኔንም ነው የሚመረምሩት?»

እንግዶቹ መጡ። ፕሮፌሰሩ ቀጭን፣ ትሑት፣ ሲናገሩ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ናቸው። ረዳታቸው ወፍራም ቦርሳ ይዟል። እትዬ ፏፏ ብርጭቆዎቹን በነጯ ፎጣ አሽተው፣ ወደ ብርሃን አንስተው፣ «ፏ» ብለው ውሃ ቀዱላቸው። ፕሮፌሰሩ አመስግነው ጠጡ።

ወሬኛዋ ተነሳች። አጓራች፤ ብሎኖቿን ነቅላ ልትሄድ ታገለች። ልጅቷ ዝቃጩን ከብናኙ አደባለቀች፤ ማግኔቱን አስጠጋች፤ መብራቱን አበራች። ሁሉም ጆሮውን ይዞ ጠበቀ። ዝም። ሁለተኛው ጠርሙስ። ዝም። ሦስተኛው፣ የጥርሱ ውሃ። ወሬኛዋ ዕድሜዋን ሙሉ ሰው አምታ የማታውቅ ጨዋ ሆና ቁጭ አለች።

ልጅቷ ክላክሱን በእጇ ብትጫነው ጮኸ፤ ረዳቱ ቦርሳውን ጣለ። መብራቱም ደህና ነው። «ከበርሜሉ አዲስ ልቅዳ» ብላ ሮጠች። ዝም። ከኩሬው ቀዳች። ኩሬው በረኪና በረኪና ይሸታል። አባቷ የጥርሱን ብርጭቆ አንስቶ አሸተተና፣ «ለካ ጠዋት ድዴን ያቃጠለኝ ይኼ ነው» አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ሚስቱ ዞረ። ሁሉም ዞሩ።

እናቷን እያየች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ልጅቷ ያን ጥያቄ የጠየቀችው ያን ጊዜ ነው።

እናት መልስ ፍለጋ ወደ ውስጧ ገባች። ውሃውን ስታፈላ ስለ ገመናዋ ነበር የምታስበው፤ ይህን ታውቃለች። ክላክሱ ሳይጮኽ ሲቀር ግን ሆዷ ውስጥ አንድ ነገር ዘና አላለም ወይ? የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ የቱ ቀለም የቱን እንደነካው በዚያች ቅጽበት መለየት አልቻለችም። እሱን የሚለይ ማሽን ገና አልተሠራም።

ፕሮፌሰሩ ባርኔጣቸውን አነሱ። «አይዞሽ ልጄ፣ በሥራችን የሚያጋጥም ነው። ምናልባት ሌላ ጊዜ...» የልጅቷ ትከሻ ወረደ። እናት ያንን ትከሻ አየች፤ አፏም ተፈታ።

«ይቆዩ ጌታዬ። ማሽኗ ጤነኛ ናት። እኔ ነኝ ያፈላሁት።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም። በርሜሉንም በበረኪና አጥቤያለሁ። እንግዳ መጥቶ ቆሻሻ ይታይብን እንዴ ብዬ።»

የፕሮፌሰሩ ከንፈር ጥግ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። «እንግዲያው» አሉ ባርኔጣቸውን መልሰው እያስቀመጡ፣ «ያልፈላ ነገር ፈልጉልን።»

ፍለጋው ተጀመረ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነ። የዕቃ ማጠቢያው ስፖንጅ ተቀቅሏል። መወልወያው ተቀቅሏል። አባት እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። «እኔም ታጥቤያለሁ» አለ በሐዘን።

የእናት ዓይን ተንከራትቶ ተንከራትቶ አንድ ትከሻ ላይ አረፈ። ከእትዬ ጋር መጣላት ማለት እስከ ዕድሜ ልክ ብርጭቆ እየታሸባት መኖር ነው። የልጇን ትከሻ ደግማ አየች።

«እትዬ፣ ፎጣዋን ይስጡኝ።»

አባት ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሸሸ። እትዬ ፏፏ ግን አገጫቸውን ቀና አድርገው ፎጣዋን ከትከሻቸው አወረዱ። «ውሰጂ። ንጹሕ ዕቃ ምን እንደሚመስል እንግዶቹም ይዩ፤ አንቺም ትማሪበታለሽ።»

ልጅቷ ፎጣዋን ነክራ ጨመቀች። ወሬኛዋ ተሽከረከረች። ብናኙ ገባ፤ ማግኔቱ ተጠጋ፤ ገና መብራቱ እንደበራ ክላክሱ እምቧ አለ፤ አላቆመምም። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ረዳቱ ማጥፊያውን ፍለጋ መሬት ላይ ተንበረከከ። የድሮውን አውቶቡስ ድምፅ የሚያውቁ የሰፈሩ ሰዎች ከረጢታቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው ደጁ ላይ ተሰለፉ።

«ሞልቷል በሏቸው» አለ አባት በልማድ።

ፕሮፌሰሩ የጠጡበትን ብርጭቆ ቀስ ብለው መስኮቱ ላይ አስቀመጡት። ከንፈራቸውን በራሳቸው መሐረብ ጠረጉና ወደ ልጅቷ ጎንበስ ብለው ተናገሩ። በክላክሱ መሃል የሚሉት አልተሰማም፤ ግን የልጅቷ ትከሻ ወደ ቦታው ሲመለስ እናት አየችው።

ክላክሱ ሲቆም ሌላ ድምፅ ተሰማ። ከእትዬ ፏፏ ክፍል ሻንጣ እየተጎተተ ነው።

«ተሰደብኩ» አሉ ከበሩ ጀርባ። «ዛሬውኑ ከዚህ ቤት እወጣለሁ።»

እናትና አባት ተያዩ። ሁለቱም «ይቅር» ለማለት ያን ያህል አልቸኮሉም። ፕሮፌሰሩ ግን የዋህ ሰው ናቸውና በሩን አንኳኩ። «እትዬ፣ ይህን የመሰለ ናሙና እኛ ጋ በስንት ድካም ነው የሚያድገው። ፈቃድዎ ከሆነ ፎጣዋን ላቦራቶሪ ወስደን ማሽኖቻችንን እንፈትንባት።»

ከዚያ የሻንጣው ዚፕ ሲከፈት ተሰማ።

«ከሌሎች ፎጣዎች ጋር እንዳትቀላቅሏት» አሉ እትዬ ፏፏ። ማታ ለጎረቤት በአጥር በላይ፣ «ፎጣዬ ላቦራቶሪ ተቀጠረች» ሲሉ ተሰሙ።

በጉዞው ቀን አውቶቡስ ጣቢያ፣ እናት የልጇን አንገት ልብስ ለሦስተኛ ጊዜ እየጠመጠመች፣ «ያን ቀን የጠየቅሽኝን» አለች፣ «እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ። ውሃውን ሳፈላ እንዳትሄጂ ብዬ አልነበረም። ማሽኗ ዝም ስትል ግን ትንሽ ደስ አለኝ። ከዚያ ፊትሽን አየሁት።»

«ትንሽ?»

«ትንሽ። አሁን ግቢ፤ ወንበር ያልቅብሻል። ውሃ አፍልተሽ ጠጪ።»

«ናሙናውንስ?»

«እሱን ተይው» አለች እናት።

ልጅቷ ሄደች። ወሬኛዋ ከወለሉ ተፈትታ በጭነት መኪና ተከተለቻት። ፎጣዋ በታሸገ ከረጢት ሄደች። ለአንድ ሳምንት የመጡት እትዬ ፏፏ ቀሩ፤ ትከሻቸው ላይም አዲስ ፎጣ አለ።