የዲሪርሳ ፎቶ

አያንቱን ሰው ሁሉ ዝምተኛ ናት ይላል። ወላሂ ዝምተኛ አይደለችም፤ ግትር ናት። ዓለም ገና ከተማ በተከራየኋት አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓመት አብረን የኮምፒውተር ጌም ስንሠራ፣ እኔ ኮዱን እየጻፍኩ እሷ እየሳለች፣ አንድ ቀን እንኳ ተከራክሬ አሸንፌያት አላውቅም። ጌሙ ስለ ደቦ ነው። ተጫዋቹ ዝናብ ሳይቀድመው ቤት ለቤት ዞሮ ጎረቤት ይጠራል፣ ማሳው ይታጨዳል። የሰዎቹን ድምፅ የሰጠን የጎረቤቷ የኦቦ ጉታ ልጅ ዲሪርሳ ነው፤ ሽማግሌውንም አሮጊቷንም ብቻውን ሆኖ።

ታኅሣሥ 2008 ላይ እጃችን አጠረ። እኔ ለጌሙ ብዬ ሥራ ለቅቄያለሁ። የቀረን ኢንተርኔት ላይ ገጽ ከፍተን ከማናውቀው ሕዝብ መዋጮ መጠየቅ ነበር። አያንቱ ግን አልዋጥላት አለ። ደቦ የጠራ ሰው የመጣለትን ሁሉ ማሳ በተራው ሄዶ ያጭዳል፤ ቤቱን ለማላውቀው ሰው በምን እመልሳለሁ አለችኝ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ብዬ ተረትኩላት። ሳቀችና እስቲ ላስብበት አለች።

በዚያው ሳምንት በአዲስ አበባው ማስተር ፕላን የተነሳ ሰልፍ ተደረገና ዲሪርሳ ተይዞ ተወሰደ። የት እንዳለ የሚያውቅ ጠፋ። ውጭ አገር ሆኖ በገጹ የሚያግዘን ፈቀደ የሚባል ጓደኛዬ፣ የልጁን ፎቶ ከፊት አድርጋችሁ መታሰሩን ጻፉ፣ ያኔ ገንዘቡ ይጎርፋል አለን። እኔ ወዲያው ተስማማሁ፤ ውሸት የለበትማ። አያንቱ ሄዳ ኦቦ ጉታን ጠየቀች። እሳቸውም የሚጠቅማችሁ ከሆነ አድርጉት ልጄ ብለው ፈቀዱላት። እኔ በደስታ ልሞት ስል፣

"እሳቸው ፈቅደዋል፤ እኔ ግን አላደርገውም" አለችኝ። "በሌለ ሰው ስም ደቦ አይጠራም።"

ደሜ ፈላ። በገዛ ቤቴ እሷን ትቼ በሩን ደርግሜ ወጣሁ። እውነቱን ልናገር፤ እሷ ሳታውቅ ገጹን ከነፎቶው አሰናድቼ ስልኬ ላይ አስቀመጥኩት። አንዴ መንካት ብቻ ነው የቀረኝ፤ በዚያ ሰሞን ግን ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር።

እሷስ ምን ሠራች? የኦቦ ጉታ ጤፍ ደርሶ ቆሟል፤ የሚያጭደው ልጅ የለም። ሰው ከደጁ መውጣት በፈራበት ጊዜ፣ ወደ ተጂ ከተማ በሚወስደው መንገድ ያለውን ሰፈራቸውን ቤት ለቤት በእግሯ ዞራ ደቦ ጠራችላቸው። ማንም አይመጣም ብዬ ነበር። አርባ ሰው መጣ። እኔም ማጭድ ያዝኩ። ጤፉን ከላይ ከላይ ስቆርጠው ጠጅቱ የሚሏት ጎረቤታቸው፣ ከማል ፀጉር ያስተካክላል ብላ ሰዉን ሁሉ አሳቀችብኝ። አያንቱ አቧራ ለብሳ ነዶ ተሸክማ ስታልፍ አየኋትና፣ እኔ ይቺን ልጅ ነው የምከራከረው ብዬ አፈርኩ። ገጹን ግን አላጠፋሁም።

ማሳው ሊያልቅ ሲል ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። ኢንተርኔት ተመልሷል። ዞር ብዬ ከፈትኩት፤ ዲሪርሳ ከፎቶው ላይ ይስቃል። ጣቴ ልትነካው ምንም አልቀራት።

ቀና ስል፣ ለካ ኦቦ ጉታ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄዱ ያመሰግናሉ፤ የየሰዉን ማሳ ጠይቀው ቀን ይይዛሉ። ልጅ የጠፋባቸው የሰባ ዓመት ሰውዬ የአርባ ሰው እርሻ በተራ ሊያጭዱ ነው። እኔ ጋ ደረሱ።

"ገለቶሚ፣ ከማል" አሉኝ። "ያንተ ማሳ የት ነው? መቼ ልምጣልህ?"

ማሳ የለኝም ተከራይ ነኝ፣ ይተዉት ግድ የለም አልኳቸው። አልተዉም።

"ሥራ መቼም አታጣም" አሉ። "ዲሪርሳ ከተመለሰ እሱ ይመጣልሃል። ካልተመለሰ እኔ እመጣለሁ።"

እኔ ከሺህ ሰው ወስጄ ወደ አንዱም ላልሄድ ነበር፤ ያውም በእኚህ ሰው ልጅ ፎቶ። እሺ አባቴ አልኳቸው። ዞር ሲሉልኝ ገጹን ከነፎቶው አጠፋሁትና አያንቱ ጋ ሄጄ የሠራሁትን ሁሉ ነገርኳት። የተሸከመችውን ነዶ አሸከመችኝ።

በማግስቱ ጠዋት የለቀቅኩትን ሥራ መልሱልኝ ብዬ ልለምን በሚኒባስ አዲስ አበባ ገባሁ። ጌሙ ይዘገያል። ይዘግይ።