የማይጎድል ጣቃ

በጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር ጨርቅ ሊገዛ የሚመጣ ሰው ስለ አያ ኸሊል አንድ ነገር ሳይነገረው አይቀርም። ከእሳቸው ሱቅ ጉድለትም የለም፣ ምራቂም የለም። ሦስት ሜትር ካሉ ሦስት ሜትር ነው፤ መቀሱ ከምልክቱ ወዲህም ወዲያም አይልም። ደንበኛው «ትንሽ ይመርቁልኝ እንጂ» ብሎ ቢለማመጥ፣ ጨርቁን አጣጥፈው እያቀበሉ «የእርስዎን ሐቅ ይዘዋል፤ የኔን ይተዉልኝ» ይላሉ። ፈገግ ብለው ስለሚሉት የተቀየማቸው የለም። ምራቂ ያገኘም የለም።

አባታቸው ሸማኔ ነበሩ። ሲሞቱ የሸማ ዕቃቸውንና አንድ ቃል አወረሷቸው፤ ከሁለቱ የከበደው ቃሉ ነው። «የሰው ሐቅ ከቤትህ አይደር» የሚል። አንዴ አከፋፋይ ተሳስቶ አንድ ጣቃ አቡጀዲ ትርፍ ቢያራግፍላቸው፣ ሰውየውን ፍለጋ በጭነት መኪና እስከ ድብ ባሕር ድረስ ተከትለውታል። ሰውየው ጣቃውን ሲያይ ከማመስገን ይልቅ ጤንነታቸውን ተጠራጠረ ይባላል።

ልጃቸው መርዋ ከዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ተመርቃ ሥራ ስታፈላልግ ቆየች። ሥራውም እሷን የሚፈልግ አልመሰለም። በመጨረሻ ከሱቁ ጎን ያለችውን የጣቃ ማከማቻ ክፍል ለመነቻቸው፤ ኢንተርኔት ቤት ልትከፍትባት። ሰው ሁሉ ስልኩን በኪሱ ይዞ በሚዞርበት ዘመን ማን ይመጣልሻል ቢሏት፣ ፓስፖርት የሚያመለክተው፣ ዲቪ የሚሞላው፣ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያስተይበው ሁሉ ኮምፒውተርና ፕሪንተር ሳይፈልግ እንደማይቀር አስረዳቻቸው። እሺ አሉ። ጣቃዎቹ ወደ መኖሪያ ቤት ተዛወሩ፤ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ከአዲስ አበባ መጡ፤ መስመር ገባ፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ግድግዳውን እንደ ወንፊት በሳሳው። መርዋ በሩ ላይ የእናቷን ስም አስጻፈች፤ «ሐዲጃ ኢንተርኔት» ብላ። እናቷ የልጇን መመረቅ ሳታይ ነው ያረፈችው። አያ ኸሊል ጽሑፉን ያዩ ቀን ሱቃቸውን ቀደም ብለው ዘጉ።

ቤቱ ገና ሞቅ ማለት ሲጀምር ነው ነገር የመጣው። መሪጌታ ወልደኢየሱስ፣ የሰፈሩ ደብር መሪጌታና የአያ ኸሊል የድሮ ወዳጅ፣ የሰበካውን ማስታወቂያ ሊያስተይቡ መጥተው ከመርዋ አጠገብ ተቀምጠዋል። ከስክሪኑ ጥግ የማይጠፋ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አዩና ምን እንደሚል ጠየቁ። ጽሑፉ አብሮ ታትሞ ደብሩን እንዳያሳማ ፈርተው ነው። መርዋ ያልሰማች መሰለች። አያ ኸሊል ግን በበሩ በኩል ሰምተዋል፤ ሜትራቸውን እንደያዙ ገቡ። ብትሸሽ ብትሸሽ አልሆነላትም፤ «ይህ ቅጂ እውነተኛ አይደለም» እንደሚል ነገረቻቸው። ኮምፒውተሮቹ የሚሠሩበት ሲስተም ባለቤት አለው፤ ባለቤቱ አልተከፈለውም፤ ኮምፒውተሮቹን ያዘጋጀላት ጠጋኝ ከኪሱ ፍላሽ አውጥቶ ነው የጫነው። እንዲህ የማያደርግ ሰው የለም ብላ ጨመረች።

አያ ኸሊል ግድግዳው ላይ ወዳለው ማብሪያ ሄደው ራሳቸው አጠፉት። የመሪጌታ ማስታወቂያ ከነፊደሉ ጠፋ።

«የሰው ወርቅ አያደምቅም፣ መርዋ» አሉ። «እስከ ጁምዓ ወይ ባለቤቱን ፈልገሽ ዋጋውን እንክፈል፣ ወይ ፈቃዱን አምጪ። ካልሆነ ጣቃዎቼ ይመለሳሉ።»

ዋጋውን ስታጣራ ከኮምፒውተሮቹ ዋጋ በለጠ። የአባቷ ቃል ደግሞ እንደ መቀሳቸው ነው፤ አንዴ ከሄደ የቆረጠውን አይመልስም። መርዋ አለቀሰች፤ ካለቀሰች በኋላ ግን አሰበች። ዩኒቨርሲቲ ሳሉ አንድ መምህር ሊኑክስ የሚባል ሲስተም አሳይቷቸው ነበር። እሷ ለፈተና አጥንታ ለክረምት ረስታዋለች። ከአንድ የክፍል ጓደኛዋ ዘንድ በፍላሽ አገኘችውና የአንዱን ኮምፒውተር የድሮ ሲስተም አጥፍታ በምትኩ ጫነችው። አይነሳም ብላ የተወችው አሮጌ ኮምፒውተር እንደ ወጣት ተነሳ። ሌሎቹንም ጫነች። ከዚያ አባቷን ጠራች፤ የዚህኛው ባለቤት ፈቅዷል ብላ።

«በስንት?»

«በነፃ።»

አያ ኸሊል ሳቁ። ነፃ የሚሉት ዕቃ ዋጋው ኋላ የሚነገር ዕቃ እንደሆነ ከልጅነቷ ጀምረው ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ያለ ምስክር አላምንም አሉና መሪጌታ ተጠሩ። ቤት ሲሸጥ እንደሚደረገው ሦስቱም ተቀመጡ፤ መርዋም ፈቃዱን ከእንግሊዝኛው ቀስ እያለች ወደ አማርኛ እየመለሰች አሰማች። የወደደ ሁሉ ለወደደው ሥራ ይጠቀምበት፤ ውስጡን ከፍቶ ይመርምር፤ ያልተስማማውን ያስተካክል፤ ለሌላ ይስጥ። የሚሰጥ ሰው ግን እሱ የተቀበለውን መብት ሁሉ አብሮ ይስጥ፤ በተቀባዩ ላይ በር አይዝጋ።

መሪጌታ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። ይህማ የየኔታ ቤት ሕግ ነው አሉ። ዜማ ሲማሩ እንጀራውን ከውሻ ጋር እየታገሉ ለምነው ነው የበሉት፤ ለትምህርቱ ግን ዋጋ የጠየቃቸው የለም። የኔታ የሚሹት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ነገ አንተ ዘንድ ተማሪ ሲመጣ እንዳትነፍገው የሚል። አያ ኸሊል ደግሞ ባለቤቱ ለመንገደኛ ወቅፍ አድርጎ ለአላህ የተወው የውኃ ጉድጓድ መሰላቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች እያንዳንዳቸው የገዛ ቤታቸውን ዕቃ እዚያ ውስጥ አገኙ።

«ሸጋ ነው» አሉ አያ ኸሊል። «ግን ባለቤቱ ማን ነው? ስሙን አሳዪኝ፤ ዱዓ እንኳ ላድርግለት።»

መርዋ የሠሩትን ሰዎች ስም ከፈተችላቸው። ስሞቹ ከስክሪኑ ሥር እየወጡ ወደ ላይ መሄድ ጀመሩ። አንብቢልኝ አሏት፤ አነበበች፤ ምላሷ እየተሳሰረ የማታውቀውን አገር ሰው ሁሉ ጠራች። አብዱልባሲጥ የሚል ስም ላይ ስትደርስ አስቆሟት።

«ይኸ ከየት አገር ነው?»

«አልተጻፈም፣ አባባ።»

ምን ተከፈለው አሉ። አላወቀችም። ከእነዚህ ውስጥ ደሞዝ ያላቸው አሉ፤ ከሥራ መልስ ቤታቸው ተቀምጠው እንዲሁ የሠሩም አሉ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ማን ይለያል። የዐስር ሶላት አዛን ተሰማ። አያ ኸሊል መስጊድ ሄዱ፤ ሰገዱ፤ ተመለሱ። ስሞቹ አሁንም እየወጡ ነው።

ያን ጊዜ ወንበር ስበው ተቀመጡ። የሸማኔ ልጅ ናቸው፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል እየሰሙ ነው ያደጉት። ለለቅሶና ለሠርግ የሚባል ነገር ይመስላቸው ነበር እንጂ፣ መልክ ለመልክ የማይተዋወቅ ሕዝብ ከየቤቱ አንዳንድ ክር እያቀበለ የሸመነውን ጨርቅ በዓይናቸው አያለሁ ብለው አልጠበቁም። «ሱብሐነላህ» አሉ ቀስ ብለው። መሪጌታም በራሳቸው ቋንቋ ያንኑ አሉ። ከዚያ አያ ኸሊል ጣታቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠጉ። በስሞቹ ዙሪያ ያሉት ትእዛዞች የተጻፉት በአማርኛ ነው።

«ይኸንን አማርኛ ያደረገው ማን ነው?»

«አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ነው።»

«ለማን ብሎ?»

መርዋ አሰበች። «ለእኛ መሰለኝ» አለች።

ቤቱ ተከፈተ። የለመዱት ምልክት ከቦታው የጠፋባቸው ደንበኞች መጀመሪያ አኩርፈው ወጡ፤ አንዳንዱ ኮምፒውተሩ ታሟል ብሎ አወራ። መርዋ አንድ በአንድ እያስቀመጠች አለማመደቻቸው። ቫይረስ የሚባለው ነገር ከቤቱ ቀረ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት የወጣ ቀን ሰልፉ የጨርቅ ሱቁን በር ዘጋው፤ አያ ኸሊል ያን ቀን አንድ ሜትር ሳይሸጡ ሲያመሰግኑ ዋሉ።

ፍቅርተማርያም የመጣችው በዚህ መካከል ነው። የቁስቋም ቄስ ልጅ ናት፤ መጀመሪያ ፎርም ልትሞላ መጣች፤ ኋላ ከመርዋ ጎን እየተቀመጠች ሁሉን ነገር ስትጠይቅ መዋል ጀመረች። አንድ ቀን ደፈር ብላ ምኞቷን ተናገረች። ቁስቋም ላይ አንድ ክፍል ተከራይታለች፤ አሮጌ ኮምፒውተሮችም አግኝታለች። መርዋ ሲስተሙን እንድትገለብጥላትና አጫጫኑን እንድታሳያት ለመነቻት። መርዋ አስቤ ልንገርሽ ብላ ሸኘቻት። ከተማሪ ደንበኞቿ የሚበዙት ከቁስቋም ወገን የሚመጡት ናቸው።

ጉዳዩን ለአባቷ የነገረቻቸው እምቢ ይላሉ ብላ ነው። ደግሞስ ምነው አይሉ? አያ ኸሊል ጨርቁን ከየት እንደሚያመጡ ለገዛ ወንድማቸው እንኳ አልተናገሩም። የዕቃውን ምንጭ የሚያወራ ነጋዴ ሱቁን ቢሸጥ ይሻለዋል የሚሉ ሰው ናቸው። አሁን ግን ላስብበት አሉ። ቀናት አለፉ። አንድ ረፋድ ጋበርዲን ሲቆርጡ፣ የከተማው ሰው ቢሰማ የማያምነው ነገር ሆነ፤ መቀሱ ምልክቱን ሳተ። የተበላሸውን አጣጠፉና ከገዢው ደብቀው ከባንኮኒው ሥር አስቀመጡት። ከዚያ ወደ ጎኑ ክፍል ገቡ።

«ልጅቱን ምን አልሻት?»

«ገና አልመለስኩላትም» አለች መርዋ። ተዘጋጅታበት ነበርና ቀጠለች። «ፈቃዱ ስጡ ብሎ አያስገድድም፣ አባባ። ከሰጣችሁ በር አትዝጉ ነው የሚለው። እኛ ደግሞ አልሰጠንም። ከፈለገች ራሷ ከኢንተርኔት ታውርደው።»

አያ ኸሊል በልባቸው ኮሩባት። ከውሉ ውስጥ ቀዳዳዋን አግኝታለች፤ የነጋዴ ልጅ ናት። ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ያ አብዱልባሲጥ የተባለው ሰው ለእኛ እንዲህ ብሎን ቢሆንስ?»

«ተማሪዎቹ ይሄዳሉ። ቤቱ ይዘጋል» አለች። «በሩ ላይ ያለው የእማዬ ስም ነው።»

ይህን ሳያስቡት አልቀሩም። እንቅልፍ የነሳቸውም እሱ ነው። መለሱላት።

«ሲሳይ ከአላህ ነው። ሐቁ ግን ከእኛ ነው የሚጠየቅ። የሐዲጃ ስም የሰው በር ዘግቶ ከሚቆም፣ ቢወርድ ይሻላል። ስጫት፤ የምታውቂውንም ሳትቀንሺ አስተምሪያት።»

ፍላሹን ራሳቸው ያዙት። በነጭ አቡጀዲ ቁራጭ ጠቅልለው በደረት ኪሳቸው ከተቱትና ከመርዋ ጋር በባጃጅ ወደ ቁስቋም ወጡ። የፍቅርተማርያም ክፍል ገና ቀለም ቀለም ይሸታል። መርዋ ፍላሹን ሰካች፤ እያሳየቻት እያስነካቻት ጫኑት። አያ ኸሊል ከኋላ ቆመው አንዲት ቀጭን መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ስትሞላ አዩ። መስመሯ ሞልታ ስክሪኑ ሲበራ፣ ያው አዲስ ዓለም ያለው ያው ራሱ ነበር፤ ያ ሰው ቁጭ ብሎ የጻፈው አማርኛ ሳይቀር።

«አያ ኸሊል፣ ምን ሸጋ ነገር ሰጡኝ» አለች ፍቅርተማርያም። ልትከፍል ስታስብ አይተው፣ የኔ ስላልሆነ ዋጋ አልቀበልበትም አሏት።

ሲመለሱ ዝናቡ ከኮሶዬ በኩል እየገሰገሰ ነበር። አዲስ ዓለም ሲደርሱ አያ ኸሊል ሱቃቸውን ትተው በቀጥታ ወደ ኢንተርኔት ቤቱ ገቡና ኮምፒውተሮቹን አንድ በአንድ አዩ። ሁሉም እንደበሩ ናቸው። ፍላሹን ከጨርቁ ፈቱት።

«ሁሉንም ሰጠናት፣ አይደል? እዚህ ውስጥ ምን ቀረ?»

መርዋ ልትስቅ ነበር። ፊታቸውን ስታይ ተወችው። ፍላሹን ሰክታ አሳየቻቸው። ሁሉም አለ።

«ለሌላ ብንሰጥስ?»

«አይጎድልም።»

«ለጎንደር ሁሉ ብንሰጥ?»

«አይጎድልም፣ አባባ።»

አያ ኸሊል ፈሩ። ዕድሜያቸውን በብረት ሜትርና በመቀስ መካከል የኖሩ ሰው ናቸው። የሰጠ ይጎድልበታል፤ ይህን የሚያውቁት እንደ ስማቸው ነው፤ ቸርነትም ጉድለቱን ለአላህ ብሎ መቻል እንደሆነ ነው የሚያውቁት። ተሰጥቶ የማይጎድል በአላህ ግምጃ ቤት ብቻ ያለ ይመስላቸው ነበር። አሁን ሙሉ ጣቃ በኪሳቸው ይዘው ሄደው፣ ሙሉ ጣቃ ሰጥተው፣ ሙሉ ጣቃ ይዘው ተመልሰዋል። ነገ ከወንበሮቹ ባዶ የሚሆኑ ይኖራሉ፤ ያንን አልረሱትም። ግን ያን ሰዓት ለሐዘን ቦታ አልነበራቸውም።

ከሱቁ በር አንዲት ሴት ተጣራች። ስንዱ ናት፣ ከኮሶዬ የምትወርድ ደንበኛቸው፤ ነጠላዋ በዝናብ ረጥቧል። ለልጇ ዩኒፎርም የሚሆን ሦስት ሜትር ጨርቅ ጠየቀች። አያ ኸሊል ጣቃውን አወረዱ፤ ሦስት ሜትር ለኩ፤ በጠመኔ ምልክት አደረጉ። መቀሱን አነሱና ምልክቱ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። የጨርቅ ጣቃ እንደሚጎድል ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። መቀሱን ከምልክቱ ፈቀቅ አደረጉት።

ስንዱ ደነገጠች። የዚህን ሱቅ ሕግ ታውቃለች።

«አያ ኸሊል፣ ምልክቱን አለፉት'ኮ።»

«አውቄ ነው» አሉና ቆረጡላት።